አሽንዳ ውሃ ላይ አይተኛም

«አሽንዳ የረግረግ አበባ ነው፤ ውሃ ካልተኛበት አያብብም።» (የጣራውን አሸንዳ ማለታችን አይደለም፤ ችቦ የመሰለውን የደጋ አበባ ነው።) ይህች ምክር ከነፋስ መውጫ እስከ እስቴ ስንቱን ጓሮ አበላሸች! ምክሩን የሰማ ሁሉ ተክሉን ወስዶ ቧንቧ ሥር ወይም የእጣቢ መውረጃ ላይ ይተክለዋል። ሐምሌ ሲገባ ዋልካው ውሃ ይቋጥራል፤ ነሐሴ ላይ የመሃሉ ቅጠል ይገረጣል። ሳብ ቢያደርጉት እጅ ላይ ይቀራል፤ ታችኛው ጫፉ ቡናማ ሆኗል፣ ላሽቋል፣ ይሸታል። መካሪው ግን አሁንም «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ሌላ ባልዲ ያስደፋል።

ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። በሳይንስ ስሙ ኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው ይህ አበባ በዱር የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቦታውም ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው እርጥብ ደጋ ነው። እርጥበት ይወዳል። ጉና ተራራ ላይ ያየው ሰው ግን መሬቱንም ልብ ይበል፤ ተዳፋት ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሡበት ይህ ተራራ ውሃውን ያወርዳል እንጂ ሁሉ ቦታ አያቁርም። ቄጠማ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚኖረው ከላይ ወደ ሥሩ አየር የሚያወርድበት ክፍት አካል ስላለው ነው። አሽንዳን እንደ ቄጠማ የሚያይ ሰው ያንቀዋል፤ አፈሩ በውሃ ሲሞላ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

ከመትከላችሁ በፊት ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ሲነጋ ውሃው ካልሰረገ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ ከበላዩም ጎርፉን የሚያስቀይር ፈሰስ አውጡ። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ፤ ቅጠሉ የሚወጣበትን አናት ግን አፈር አታልብሱት። ውሃ የሚያስፈልገው በበጋ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ለሚለው አፈሩን በጣት ወጋ አድርጎ ማየት ከማንም ምክር ይሻላል። በክረምት ባልዲው ይሰቀል።

«አንዴ አብቦ ይሞታል» ብለው የሚነቅሉትም አሉ። አንዴ አብቦ የሚሞተው ጅብራ ነው። አሽንዳ በየዓመቱ ያብባል፤ የደረቀውን የአበባ ዘንግ ብቻ ቁረጡ። አበባው ቢጫ የሆነውም በሽተኛ አይደለም፤ ቀይም፣ ብርቱካንማም፣ ቢጫም አለ።

«ግጦሹን ያጠፋው አሽንዳ ነው» የሚለው ደግሞ ያናድዳል። ከብት ሣሩን ግጦ ሲጨርስ የማይበላውን አሽንዳ ይተወዋል፤ እሱም ሜዳውን ይወርሳል። ጥፋቱ የልቅ ግጦሽ ነው።

ሥሩ ለሆድ ቁርጠት በባህል ይጠጣል። የኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ኤርምያስ ዳኘና ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከዚህ ተክል ኒፎሎን የተባለ ውህድ አግኝተዋል፤ በላብራቶሪም የወባን ተውሳክ እንደሚያጠቃ ታይቷል። በላብራቶሪ የታየ ነገር ግን ገና መድኃኒት አይደለም፤ ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለመትከል የፈለገ ሰው ደግሞ ጉና ድረስ ወጥቶ ተዳፋቱን አይቆፍር። ጎረቤት ዘንድ የተንዠረገገ ካለ ሰኔ ላይ ሥርና ቅጠል ያለውን ገንጥሎ መውሰድ ይቀላል። በሲማዳ ቆላ ያላችሁ ግን ባትደክሙ ይሻላል፤ ሙቀቱን አይችለውም።