በድቅል ውሁድ ቁስ ወጋግራዎች ንዝረት ላይ የንብርብር አደራደር ያለው ሚና

ውሁድ ቁስ ፋይበርን በሬዚን በማጣበቅ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት ፋይበሮች በአንድነት ሲገቡበት ድቅል ይባላል። እንደ ሲሳልና እንሰት ያሉ የተፈጥሮ ቃጫዎች ከመስታወት ፋይበር ጋር የሚጣመሩት በዚህ መንገድ ነው። የመስታወት ፋይበር ጥግግት በሜትር ኩብ 2500 ኪሎ ግራም፣ የሲሳል ደግሞ 1500 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ቃጫው ክብደትን ይቀንሳል፤ የንዝረት ጉልበትንም ወደ ሙቀት በመለወጥ ንዝረትን ያረግባል። ግትርነቱ ግን ከመስታወት ፋይበር ያነሰ ነው። በመሆኑም ንድፍ አውጪው የቃጫውን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚቀመጥበትንም ስፍራ መወሰን ይኖርበታል።

ወጋግራ ሲጎብጥ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው በዋናነት የውጭው ክፍል ነው፤ መካከሉ እምብዛም አይነካም። ከውፍረቱ ግማሹን የሚይዙት የላይኛውና የታችኛው የውጭ ንብርብሮች፣ ቁሱ አንድ ወጥ ቢሆን፣ ከጉብጠት ግትርነቱ 87.5 በመቶውን ይሸከማሉ።

ለአብነት እኩል ውፍረት ካላቸው አራት ንብርብሮች ሁለቱ የመስታወት፣ ሁለቱ የቃጫ ይሁኑ፤ የመስታወቱ ንብርብር የመለጠጥ ሞዱለስም የቃጫው 3 እጥፍ ነው ተብሎ ይወሰድ። መስታወቱ በውጭ ሲሆን ግትርነቱ ሙሉ በሙሉ ከቃጫ ንብርብሮች ከተሠራ ወጋግራ 2.75 እጥፍ፣ ቃጫው በውጭ ሲሆን ግን 1.25 እጥፍ ይሆናል። የሁለቱ ክብደት እኩል ነው። ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ከግትርነት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚያድግ፣ የመጀመሪያው አደራደር ድግግሞሹን ከሁለተኛው በ48 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል።

ይህ ጥቅም ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። በመጀመሪያው አደራደር ቃጫው ከጉብጠት ጉልበቱ 4.5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲይዝ፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን ይይዛል። ንብርብር ሊያረግብ የሚችለው በውስጡ ካለፈው ጉልበት ድርሻውን ብቻ ስለሆነ፣ መካከል የተቀመጠ ቃጫ የማርገብ ችሎታው አብዛኛው ሳይሠራበት ይቀራል። በአጭርና ወፍራም ወጋግራ ላይ ግን የሸር ጫና መካከሉን ስለሚያሠራው ልዩነቱ ይጠባል።

በቤተ ሙከራ መለኪያም ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ጫፉ በታሰረ ወጋግራ ድግግሞሹ ከርዝመት ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚቀየር፣ በነፃው ርዝመት ላይ የ1 በመቶ ስሕተት በድግግሞሹ ላይ 2 በመቶ ገደማ ስሕተት ያስከትላል። የላላ ማሰሪያ በበኩሉ ግጭት በመፍጠር የቁሱ ያልሆነ እርግበት ይጨምራል።

እንግዲህ የቃጫን መጠን በመቶኛ ብቻ የሚገልጽ የጥናት ውጤት ለንጽጽር አይበቃም። የንብርብሮቹ ቅደም ተከተል፣ ነፃው ርዝመትና የአስተሳሰሩ ሁኔታ አብረው ሊገለጹ ይገባል።