የእንዶድ አረፋና የምርምር በጀት

እርስዎ ነጠላዎን በእንዶድ አጥበው ያውቁ ይሆናል፤ እርስዎ ባያጥቡ እንኳ እናትዎ ወይም አያትዎ ሳያጥቡበት አልቀሩም። ይህ ነጭ ልብስ በማንጻት የታወቀ ፍሬ የአንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ዋነኛ ሥራ ሆኖ መቆየቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታውን ትል የሚያራባው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው፤ ትሉም ልጅዎ ወንዝ ገብቶ ሲንቦጫረቅ በቆዳው ዘልቆ ይገባል። ዶክተሩ አንዲት አጣቢ አረፋውን በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድትጨምር ጠየቋት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የገንዘብ ሆነ። በ1966 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መሣሪያው፣ መኪናው፣ የመስክ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ሁሉም ለዓመታት የማይቋረጥ በጀት ይጠይቃል። በዓድዋ 5 ዓመት በፈጀው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ሁሉ ውጤት ተገኝቶም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የእንዶዱ መርዛማነት በውጭ አገር በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንደገና ይመርመር አሉ። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር በጥንቃቄ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ይህን አንቃወምም። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በእጃችን አልነበረም። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ ወጪውን እስኪሸፍን ድረስ ብዙ ዓመታት ባከኑ። ምጣድ ተውሳ የምትጋግር ባለቤት የጎረቤቷን ፈቃድ መጠበቅ እንዳለባት ለእርስዎ መንገር አያሻም።

ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን ለማጥፋት የሚውልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። የዓድዋ አጣቢዎች ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሉም።

ዶክተሩ በ1997 አርፈዋል፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዚያም ገና አልጠፋም፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የተባለ ክኒን ነው። ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር የሚውል ልጅዎ ሆዱን ካመመውና ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።