ፀሐይ በላሊበላ ላይ ቀለበት የሆነችበት ጠዋት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በላሊበላ ሰማይ ላይ የነበረችው ፀሐይ መሐሏ ጠቆረ። ዙሪያዋ ብቻ እንደበራ ቀረ። ይህ የእሳት ቀለበት አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ጠፋ። የጨረቃ ጥላ ያን ዕለት ከኮንጎ ተነሥቶ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በደቡብ ሱዳን አልፎ፣ ኢትዮጵያን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቋርጦ፣ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድና ቻይና ዘልቋል።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ጥላው በየትኛው ከተማ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ከብዙ ዓመታት በፊት አስልተው ያውቁ ነበር። ብዙዎችን ያስደነገጠው ግርዶሽ በቁጥር የሚገዛ ክስተት ነው፤ ቁጥሩም የሚጀምረው ማንም ሰው በየማታው ቀና ብሎ ከሚያያት ጨረቃ ነው።

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም። እንደ ምድር ሁሉ ሁልጊዜ ግማሽ አካሏ በፀሐይ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። ምድርን ስትዞር ግን ከበራው ገጽታዋ ለእኛ የሚታየን መጠን ይለያያል። በእኛና በፀሐይ መካከል ስትሆን የበራው ፊቷ ወደ ፀሐይ ስለሚዞር ጭራሽ አትታይም። ከቀናት በኋላ ቀጭን ማጭድ መስላ ትወጣለች፣ ግማሽ ትሆናለች፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ስትቆም ደግሞ ሙሉ ትሆናለች። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ሸፍኗት ነው የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የምድር ጥላ የሚያገኛት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። አሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ወራት 354 ቀን ይሆናሉ፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ቆጠራ፣ ሊቃውንት ይህን 11 ጥንተ አበቅቴ ይሉታል። በ19 ዓመት አንዴ ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው የሚገጥሙበትን ዑደት ይዘውም የፋሲካን ዕለት ያወጣሉ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ የሚመጣውም በዚያው ልዩነት ምክንያት ነው።

ታዲያ ጨረቃ በየወሩ በምድርና በፀሐይ መካከል የምታልፍ ከሆነ የፀሐይ ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይሆንም? የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘመመ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥላዋ ከምድር በላይ ወይም በታች ያልፋል። ሦስቱ አካላት በአንድ መስመር ላይ ለመዋል የሚመቻቸው በየስድስት ወሩ ገደማ ለጥቂት ሳምንታት ነው።

ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፤ ርቀቷም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ነው። አውራ ጣት ከዓይን ፊት ሲቆም ተራራ እንደሚጋርድ፣ ትንሿ ጨረቃም ግዙፏን ፀሐይ ልክክ ብላ ትሸፍናለች። ርቀቷ ግን ቋሚ አይደለም። ወደ ምድር ስትቀርብ 363,000፣ ስትርቅ 405,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ የሰኔ ጠዋት የጨረቃ ስፋት ከፀሐይ ስፋት 99 ከመቶ ያህሉን ብቻ ሸፈነ። ቀለበቱን የፈጠረው ያ ሳይሸፈን የቀረው ጠርዝ ነው።

የጨረቃ ግርዶሽ ተራው ተቀይሮ ምድር መሐል ስትገባ የሚሆን ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሙሉ ጨረቃ ወደ ምድር ጥላ ገብታ ለ82 ደቂቃ ቀልታ ቆይታ ነበር። ቀይ የሆነችው ከባቢ አየራችን የፀሐይን ቀይ ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ስለሚያሾልከው ነው። ይህንን ግርዶሽ በባዶ ዓይን ማየት ምንም ጉዳት የለውም።

የላሊበላው ግርዶሽ የዋለበት ዕለት ሌላም ትርጉም ነበረው። ፀሐይ ወደ ሰሜን የመጨረሻ ጫፏ የደረሰችበት ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ በላሊበላ የቆመ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን። ምክንያቱ የምድር ዛቢያ በ23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘመመ መሆኑ ነው። ወቅቶችን የሚያፈራርቀውም ይኸው ነው፤ ርቀት አይደለም። እንዲያውም ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው አውሮፓ በብርድ በሚንቀጠቀጥበት በጥር መግቢያ፣ በእኛ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ነው። በኢትዮጵያ ጎልቶ የሚታየው ለውጥ የዝናቡ ነው። የዝናብ ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ክረምት ይገባል።

ጨረቃ ግን ወቅት የላትም ማለት ይቻላል፤ ዛቢያዋ 1 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው ያዘመመው። ስለዚህ በዋልታዎቿ አካባቢ ፀሐይ ፈጽሞ የማይነካቸው ጉድጓዶች አሉ፤ በውስጣቸውም በረዶ እንዳለ መንኮራኩሮች ደርሰውበታል። ሕንድ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቻንድራያን 3ን በደቡብ ዋልታዋ አጠገብ ያሳረፈችው፣ ሌሎች አገሮችም ወደዚያ የሚሽቀዳደሙት ለዚህ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ትተውት የመጡት መስታወትም እስከ ዛሬ ይሠራል። ከምድር የተላከ ሌዘር ነጥሮ የሚመለስበት ጊዜ ሲለካ፣ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ ታውቋል። በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ያቅታታል።

እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ ትልቅ ግርዶሽ ቀርቧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የጨረቃ ጥላ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ እስከ ሶማሊያ ጫፍ ይደርሳል። በግብፅ ሉክሶር ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። በጅዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ስድስት ደቂቃ ያህል ሙሉ ግርዶሽ ያያሉ። በኢትዮጵያ ግን የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ስለሆነ፣ የግርዶሽ መነጽር ለአንድ አፍታም ከዓይን አይወርድም። የራጅ ፊልም፣ የጠቆረ ጠርሙስና ተራ የፀሐይ መነጽር የዓይንን ብሌን አልፎ ውስጡን የሚያቃጥለውን ጨረር አያግዱም፤ ጉዳቱ ሲደርስ ሕመም ስለሌለው ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። መነጽር ያላገኘ ሰው ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በቀዳዳው የሚገባውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ የጎደለችውን ፀሐይ በግልጽ ያያል።