የፊት ቀዳዳ ስለምን ይሰፋል?

ፊት የሰው መታወቂያ ነው። ስለዚህ በአፍንጫና በጉንጭ ላይ የቆዳው ቀዳዳ ጎልቶ በታየ ጊዜ በተለይ ወጣቶች ያፍራሉ፤ ይጨነቃሉም። አንዳንዱ «ፊቱን የማይታጠብ ነው» እየተባለ ያለ ጥፋቱ ይነቀፋል፤ ሌላውም ከገበያ ያገኘውን ቅባት ሁሉ እየቀባ ደኅናውን ቆዳ ያበላሻል። ሁለቱም ስሕተት የሚመጣው የነገሩን ምክንያት ካለማወቅ ስለ ሆነ ከዚህ በታች በአጭሩ እንገልጻለን።

እነዚህ ቀዳዳዎች በተለምዶ «የላብ ቀዳዳ» ይባላሉ። እውነተኛው የላብ ቀዳዳ ግን እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ በዓይን ብቻ አይለይም። በፊት ላይ የምናየው የጠጕር መውጫ ነው። በጠጕሩ ሥር አጠገብ ወዝ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አለ፤ ወዙም በዚያው ቀዳዳ እየወጣ ቆዳውን ያለሰልሳል። እንግዲህ ቀዳዳው የተፈጥሮ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

የሚሰፋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ የወዝ መብዛት። ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሰውነቱ የሚጨምሩት ሆርሞኖች ዕጢዎቹን ያሳድጋሉ፤ ወዙም ይበዛል። ወዛም ፊት ከወላጅም ይወረሳል።

2ኛ/ የቀዳዳው መደፈን። ወዝና የሞተ ቆዳ ተጣብቀው ሲደፍኑት የቀዳዳው አፍ ይለጠጣል። የደፈነው ነገር ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግን እድፍ አይደለም። ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ ወይም የጠጕር ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ በዚያ ብጉር ሊያወጣ ይችላል። ብጉርንም በጥፍር መጭመቅ ቍስልና ጠባሳ ያመጣል።

3ኛ/ የቆዳ መላላት። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ነገር ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ ፀሐይም ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል። የደጋ ሰው ብርዱ እያታለለው ፀሐይ የማትጎዳው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አልትራ ቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ጊች 3600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ስለ ሆነ፥ በዚያ ገብስ ሲያርሱና ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ከሲሶ የበለጠ ብርቱ ጨረር ሲያርፍባቸው ኖሯል። የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ቢዛወሩም፥ ደባርቅም ራሷ ከ2800 ሜትር የማታንስ ደጋ ናትና ጥንቃቄው አይቀርም። ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ ቢኖረውም ፈጽሞ አይጎዳም ማለት አይደለም።

ብዙ ሰዎች «እንፋሎት ቀዳዳውን ይከፍተዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋዋል» ይላሉ። ቀዳዳው እንደ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ ስለ ሌለው ይህ እውነት አይደለም። ፈጽሞ የሚያጠፋውም መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን እንዳይጎላ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ፦

ፊትን ጧትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። የልብስ ሳሙናና እንዶድ ቆዳን ስለሚያስቈጡ ለፊት አይሆኑም፤ አጥብቆ መፈግፈግም ይጎዳል። በቀትር ባርኔጣ ወይም ጥላ መያዝ፥ የሚገኝ ከሆነም የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆኑ ቅባቶች ቀዳዳውን ለማሳነስ ይረዳሉ፤ ነገር ግን በሐኪም ምክር ብቻ ይወሰዱ፤ እርጉዝ ሴትም አትቀባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት ቅባቶች ለቆዳ በሽታ በሐኪም የሚታዘዙ ናቸው። ፊት ያጠራሉ እየተባለ ያለ ትእዛዝ ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፤ ብጉር ያበዛሉ፤ ፊት ላይ ጠጕር ያበቅላሉ። ሰውየው ሊተዋቸው ሲል ፊቱ ይቀላል፤ ያቃጥለዋልም። በዚህም ምክንያት መልሶ ይቀባቸዋል። እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት ሰው ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መምህራን ሆይ! ተማሪ በፊቱ ምክንያት ሲሣቅበት ብታዩ ነገሩ የተፈጥሮ መሆኑን ለክፍሉ ሁሉ አስረዱ። በጓደኞቹ ዘንድ ያልተዋረደ ልጅ ለፊቱ ብሎ መርዝ አይገዛም።