የስኳር በሽታ፣ ብግነትና ኮቪድ-19

ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ሰውነት በጀርም ሲጠቃ ወይም ጉዳት ሲደርስበት ራሱን ለመከላከል የሚሰጠው ምላሽ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በኮሮና ቫይረስ ሲያዝ ብግነቱና በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ብግነቱ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለው ስኳርም ብግነቱን ያጠናክራል። ስለዚህ ስኳርን መለካትና መቆጣጠር ከኮቪድ-19 ሕክምና ተለይቶ አይታይም።

እንዴት ይያያዛሉ

ቫይረሱ ሳንባን ሲያጠቃ የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ከእነዚህ መካከል ኢንተርሉኪን-6 ይገኝበታል። ሳይቶካይኖች ሲበዙ ጡንቻ፣ ጉበትና የስብ ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። በሕመሙ ምክንያት ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉት ሆርሞኖችም ስለሚጨምሩ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በዚህም የተነሳ ታማሚው ምግብ ሳይበላ እንኳ ስኳሩ ሊጨምር ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል፣ የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ ደምም የመርጋት ዝንባሌው ይጨምራል። በዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ በተለይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሲኖር፣ ከኢንፌክሽኑ በፊትም ዝቅተኛ ነገር ግን የማያቋርጥ ብግነት አለ።

ጥናቶች

በቻይና ሁቤይ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት 7,337 የኮቪድ-19 ታካሚዎችን ተመልክቷል። ከእነዚህ ውስጥ 952ቱ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ከስኳር ታማሚዎቹ 7.8 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 2.7 በመቶ ሞተዋል። በሆስፒታል ቆይታቸው ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር መካከል ከነበረው ታማሚዎች የሞቱት 1.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ከወጣባቸው መካከል 11 በመቶ ሞተዋል። ሆኖም በጠና የታመመ ሰው ስኳሩም ከፍ ስለሚል፣ ልዩነቱ ሁሉ የመጣው ከስኳር ቁጥጥር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በፈረንሳይ 1,317 ታካሚዎችን ያካተተው የኮሮናዶ ጥናት ከሕመሙ በፊት የነበረው የስኳር ቁጥጥር ከከፋ ውጤት ጋር ግንኙነት እንዳለው አላሳየም፤ ውፍረት ግን ግንኙነት ነበረው።

ዴክሳሜታዞን

ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ የመጀመሪያ ውጤት ይፋ ሆነ። ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ ፀረ-ብግነት መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ታማሚዎች ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር መድኃኒቱ በጠና ለታመሙ እንዲሰጥ መክሯል። ይሁን እንጂ ዴክሳሜታዞን ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ይህ ማለት የስኳር ታማሚው መድኃኒቱን ይከለከል ማለት ሳይሆን፣ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ እየተለካ ኢንሱሊኑ ይስተካከል ማለት ነው።

በኢትዮጵያና በሰሜን ወሎ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና የሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነው አገልግለዋል። በታካሚዎች ላይ አብረው ከተገኙት በሽታዎች መካከል የደም ግፊትና ስኳር በዋናነት ይጠቀሳሉ። ስኳር እንዳለባቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች በመኖራቸው፣ ለኮቪድ-19 ተኝቶ የሚታከም ሰው ሁሉ ስኳሩ መለካት ይኖርበታል።

በሐብሩ ወረዳ፣ እንደ ግራናና መርሳ ባሉ ከተሞች፣ በጠና የታመመ ሰው ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ይባላል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ የመድኃኒት አቅርቦትም ተቋርጧል። ለስኳር ታማሚ እንዲህ ያለው መቋረጥ ቫይረሱ ባይኖርም እንኳ ለሕይወት ያሰጋል፤ ኢንሱሊን ሳይወስዱ መቆየት ዓይነት 1 ስኳር ላለበት ሰው በቀናት ውስጥ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ከሙቀት ይጠብቀዋል።

ታማሚው ማወቅ ያለበት

የምግብ ፍላጎት ቢጠፋም ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። በሕመም ጊዜ ስኳርን በየ4 ሰዓቱ መለካትና ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ይመከራል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች መውረድም አደገኛ ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የትንፋሽ ሽታና ጥልቅ ፈጣን አተነፋፈስ ኬቶአሲዶሲስ የተባለው ድንገተኛ ችግር ምልክቶች ናቸው። የአተነፋፈሱ ለውጥ በኮቪድ-19 ብቻ የመጣ ሊመስል ስለሚችል፣ ትንፋሽ ያጠረው የስኳር ታማሚ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ስኳሩም ኦክስጅኑም ሊለካ ይገባል።