ከሐኪሙ በር ፊት፦ የሕክምና ጸሐፊነት ሥልጠና

በማለዳ ወደ ኩፓት ሖሊም ክሊኒክ የሚገባ ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን ወይም ነርሷን አይደለም፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችውን ጸሐፊ ነው። የመታወቂያ ቁጥሩን የምትጠይቀው፣ ቀጠሮ የምትይዝለት፣ ከሐኪሙ ክፍል ይዞት የወጣውን ወረቀት ወዴት እንደሚወስደው የምትነግረው እርሷ ናት። በዕብራይስጥ «ማዝኪራ ሬፉኢት» ትባላለች፤ ወንዱ «ማዝኪር ሬፉኢ» ይባላል። እኛ የሕክምና ጸሐፊ እንበላቸው። ይህ ሙያ አማርኛ አዋቂ ለሆኑ ወጣቶችና እናቶች የተለየ ዋጋ አለው የምንልበትን ምክንያት በምሳሌ እናስረዳ።

የአንዲት እናት ቀጠሮ በወረቀት ላይ «8፡00» ተብሎ ተጽፏል እንበል። እናቲቱ በለመዱት የሰዓት አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው። በእስራኤል ግን ይኸው ሰዓት እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለው ነው። እናቲቱ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ከቀትር በኋላ ሲደርሱ ደም የምትቀዳው ነርስ ሥራዋን ጨርሳለች። ጥፋተኛ የለም፤ ምርመራው ግን ቀረ። ሁለቱንም አቆጣጠር የምታውቅ ጸሐፊ ወረቀቱን ስትሰጥ «እናቴ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ይምጡ፤ ከዚያ በፊት እህል እንዳይቀምሱ፤ ቡናም ቢሆን» ትላቸዋለች። ቡናን ለይቶ መጥቀስ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ቡናን ከምግብ አንቆጥረውምና፣ በባዶ ሆድ ኑ የተባለ ሰው ስኳር የገባበትን አንድ ስኒ ጠጥቶ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ስኒም የደም ስኳር ውጤትን ያዛባል። ውሃ ግን ይፈቀዳል።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ በመጣ የክትባት ካርድ ላይ 2012 ተብሎ የተጻፈው፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 2019 ወይም 2020 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ቢያስገባ፣ ሕፃኑ ሳይወለድ የተከተበ ይመስላል።

ንግግራችንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ልቤን ያቅለሸልሸኛል» የሚል ሰው ሊያስታውከው እንደሆነ መናገሩ ነው፤ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ቢመለስ ግን ሐኪሙ የልብ ሕመም ይፈልጋል። «ሆዴ ባባ» ያለችው ሴትም ያዘነች እንጂ ሆዷን የታመመች አይደለችም።

ወደ ሥራው ዝርዝር እንለፍ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ ትሰጣለች፤ የሕመምተኛውን መዝገብ ታስተካክላለች፤ ወደ ልዩ ሐኪም የሚያስተላልፈውን ወረቀት ማለትም «ሃፍናያ»ን ታስተናግዳለች፤ ኩፓት ሖሊም ለሆስፒታሉ ክፍያውን እንደሚሸፍን የሚያረጋግጠው «ቶፌስ 17» የተባለው ቅጽ እንዲዘጋጅ ትከታተላለች። ያለዚህ ቅጽ ወደ ሆስፒታል የሄደ ቤተሰብ ሂሳቡን ራሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ወረቀቱ ተራ ወረቀት አይደለም። መርፌ አትወጋም፤ ደም አትቀዳም፤ የምርመራ ውጤት አትተረጉምም፤ መድኃኒት አቁሙ ወይም ጀምሩ አትልም። ሆኖም ደረቱን አፍኖ የሚጫነው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከፊቷ ሲቆም ተራ አታስጠብቀውም፤ ወዲያውኑ ነርሷን ወይም ሐኪሙን ትጠራለች።

ከሁሉ የሚከብደው ምስጢር መጠበቅ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ይህን ግዴታ በሐኪሞች ብቻ ሳይሆን በሕክምና ተቋሙ ሠራተኞች ሁሉ ላይ ጥሏል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቀርበው «ልጄ፣ እገሌ ትናንት እናንተ ዘንድ ሲገባ አይቼው ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ክፋት አስበው አይደለም፤ በአገራችን የታመመን መጠየቅ ወግ ነው። መልሱ «አባቴ፣ ይህን እርሳቸውን ይጠይቋቸው፤ እኔ እንድናገር አልተፈቀደልኝም» ነው። አባት ለአካለ መጠን የደረሰች ልጁን ውጤት ቢጠይቅም መልሱ ይኸው ነው። አንድ ምስጢር አንድ ጊዜ ቢወጣ፣ ወሬውን የሰማች ሌላ ሴት ሕመሟን ይዛ ቤቷ መቅረትን ትመርጣለች። በእኛ አስተያየት አሠልጣኞች ለዚህ ትምህርት ከኮምፒውተሩ የበለጠ ጊዜ ቢሰጡት ይገባ ነበር።

ሌላም ፈተና አለ። ቋንቋ ስለምታውቅ ብቻ ጸሐፊዋ ወደ ሐኪሙ ክፍል ተጠርታ እንድታስተረጉም ልትጠየቅ ትችላለች። ማስተርጎም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ አዟል። ስለዚህ እናንተ ሕመምተኞችም አስተርጓሚ መጠየቅ አትፈሩ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ የእናቱን የማሕፀን ሕመም እንዲያስተረጉም አታድርጉት።

ሥልጠናው ሁለት ክፍል አለው። በክፍል ውስጥ የሕክምና ቃላትና አሕጽሮተ ቃላት፣ የሰውነት ክፍሎች፣ የኮምፒውተር አያያዝ፣ ስለ ጤና መድን ሕግና ስለ ሕመምተኛ መብት ይማራሉ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ ኩፖት ሖሊም በአንዱ እንዲታቀፍ መብት ስለሰጠ፣ ማን ምን እንደሚገባው ማወቅ የሥራው መሠረት ነው። ቀጥሎ በክሊኒክ ውስጥ ልምምድ ይደረጋል። ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው የሐኪም ቃል ሳይሆን የእጅ ጽሕፈት ዕብራይስጥና የስልክ ንግግር ነው፤ በስልክ የተናጋሪው ፊት አይታይምና። ስለዚህ የኡልፓን ትምህርታችሁን ሳትጨርሱ አትቸኩሉ። ብዙ ኮርሶች 12ኛ ክፍልን ማጠናቀቅም ይጠይቃሉ።

ይህ ሙያ እንደ ነርስነት በመንግሥት ፈተና የሚገኝ ፈቃድ የለውም። ስለሆነም ማንኛውም ትምህርት ቤት የራሱን የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን የትኞቹ ክሊኒኮች እንደሚቀበሉት፣ ልምምዱስ የት እንደሚደረግ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የክሊኒክ ሥራ የማታ ፈረቃም ስላለው፣ ሕፃናት ያሏችሁ ማን እንደሚጠብቃቸው አስቀድማችሁ አስቡ።

ለመመዝገብ ስትነሡ መታወቂያችሁን፣ የኡልፓን ማስረጃችሁን፣ ከኢትዮጵያ ያመጣችሁትን የትምህርት ማስረጃ ዋናውን ከነትርጉሙ ይዛችሁ ወደ ሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ወይም በቅሊታ ሚኒስቴር ወደሚከታተላችሁ ሠራተኛ ሂዱ፤ የሥልጠና ወጪውን የሚረዳ ድጋፍ ይኖር እንደሆነም እዚያው ጠይቁ።