አቀንጭራን ያሸነፈው ዕውቀት ወደ ማሳ እንዴት ደረሰ?

የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነው አቀንጭራ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። አረሙ ከመሬት በላይ በታየ ጊዜ ሰብሉ ከሥር ተጎድቷል፤ ነቀላው የረፈደ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሥሩ ይህን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ዕውቀት ግን ዘር አባዢ ካላገኘ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1983 በሱዳን የለቀቁት ዲቃላ ማሽላ ለዘር ንግድ በር የከፈተው፣ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ስለሚገዛም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ የተለቀቁት አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር ዲቃላ አይደሉም፤ አርሶ አደሩ ከማሳው መርጦ ዘር ያስቀራል። ለገበሬው መልካም ነው፤ ነጋዴን ግን አያጓጓም። ማሽላ ለሚዘራው ለጋምቤላ እንዲህ ያለውን ዘር ማባዛት፣ በእኔ ግምት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለግብርና ኮሌጅ ምሩቃን የሚመጥን ሥራ ነው።